የጣሪያ ሥራና የፖንቴ ደህንነት፦ ጥያቄና መልስ

መስቀል አልፎ መሬቱ ጠንከር ሲል ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ጣሪያ የማዋቀር ሥራ ይበረክታል። ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከም የእንጨት ማዕቀፍ) ለሚያቆሙና ቆርቆሮ ለሚመቱ አናጢዎች፣ ለፎርማኖች፣ ቤት ለሚያሠሩም ሰዎች የተከፈተ ጥያቄ ነው። ፖንቴ የምንለው ሠራተኛ ቆሞ የሚሠራበትን የአጣናና የጣውላ መድረክ ነው። የተጠየቀው ሁሉ በተጠየቀበት ቅደም ተከተል ተመልሷል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ ለሠራተኞቼ ሴፍቲ ቤልት ገዝቻለሁ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ እንኳ አይደለም፣ ምድር ቤት ብቻ ነው፣ የቆርቆሮው ጠርዝም 3 ሜትር ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ፖንቴ መሥራት ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው ወንድሜ። ስሌቱን አብረን እንየው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ገመድ 1.8 ሜትር ነው። ሰው ሲወድቅ እየተተረተረ ጉልበቱን የሚያበርደው ከረጢት እስከ 1.1 ሜትር ይረዝማል። ከጀርባ ቀለበቱ እስከ እግር ጫማ ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል አለ። መጠባበቂያ 1 ሜትር ጨምርበት፣ 5.4 ሜትር ይመጣል። ገመዱ ከታሰረበት ቦታ በታች ይህን ያህል ባዶ አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። የአንተ ቤት የቆርቆሮ ጠርዝ 3 ሜትር ነው፤ ሰውየው ገመዱ ሳይዘው መሬት ይደርሳል። ገመዱን እግሩ ሥር ካሰረ ደግሞ ይብሳል።

በምድር ቤት ላይ ገመድ የሚጠቅመው ሰውየው ጠርዙ ጋ ጨርሶ እንዳይደርስ በአጭሩ ሲያስረው ነው። ዋናው መከላከያ ግን በጠርዙ ሥር የሚዘረጋው ፖንቴና መከታው ነው። ሌላም ነገር፦ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ ለመውደቅ አይሆንም፣ ሆድና አከርካሪ ይጎዳል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ደንብ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት ከልክሎታል። ትከሻና ጭን የሚይዘውን ሙሉ ሃርነስ ግዛ።

ጥያቄ (ከዚያው ጠያቂ)፦ እሺ፣ 8 በ10 ሜትር ለሆነ ቤት ስንት አጣና፣ ስንት ጣውላ ልግዛ?

መልስ፦ ጣሪያው በሁለት ወገን የሚፈስ ነው ብዬ የአንዱን 10 ሜትር ጎን ልቁጠርልህ። የጠርዙ ውጣት ከግድግዳው 60 ሳንቲም ይሁን።

ቋሚዎቹን በ1.5 ሜትር ርቀት ጥንድ ጥንድ አድርገህ ትተክላለህ፤ 8 ጥንድ ይሆናል። የውስጡ ረድፍ ከግድግዳው 30 ሳንቲም፣ የውጩ 1.3 ሜትር ይራቅ። የውስጦቹ 3.5 ሜትር ይበቃቸዋል፣ ምክንያቱም ወለሉ ላይ ያልቃሉ። የውጮቹ መከታውን ስለሚሸከሙ 5 ሜትር ይሁኑ። ሁሉም 50 ሳንቲም ይቀበራሉ። ለአግዳሚ 14 ባለ 6 ሜትር አጣና ያስፈልጋል፦ 4ቱ ለወለሉ፣ 4ቱ በቁመቱ እኩሌታ ላይ፣ 6ቱ ለሦስት ረድፍ መከታ። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 1 ሜትር ይደራረቡ፣ ሁለት ቦታም ይታሰሩ። ጣውላ የሚያርፍባቸው 8 ተሻጋሪዎች 1.5 ሜትር፣ ሰያፍ ማጠንከሪያ ደግሞ 6። ለወለል ስፋታቸው 20፣ ውፍረታቸው 4 ሳንቲም የሆነ ባለ 4 ሜትር ጣውላ 15፣ ለእግር መከታ 3 ተጨማሪ። ለሁለተኛው ጎን ዕቃውን ማዛወር ይቻላል፣ ግን የአንዱ ጎን ሥራ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ።

ሸክም የሚይዘው አጣና ቀጭኑ ጫፉ እንኳ ከ8 ሳንቲም እንዳያንስ። ቅርፊቱን ላጡት፤ ቅርፊት ሲደርቅ ይላቀቅና ማሰሪያው ይላላል። ነቀዝ የበላውንና የተሰነጠቀውን ለአጥር አውለው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ መከታው ከወለሉ 1.1 ሜትር ይሁን ይባላል። በቂ ነው?

መልስ፦ ለግንበኛ በቂ ነው። ለጣሪያ ሠራተኛ ግን ቁመቱን ከቆርቆሮው ጠርዝ ጀምራችሁ ለኩ። ወለሉ ከጠርዙ 30 ሳንቲም ዝቅ ካለ 1.1 ሜትሩ መከታ ከጠርዙ በላይ 80 ሳንቲም ብቻ ይቀረዋል፤ ቆሞ የሚራመድ ሰው ይገለበጥበታል። ስለዚህ የላይኛውን አግዳሚ ከወለሉ 1.4 ሜትር ላይ አድርጉት፣ ሌሎቹን ሁለቱን ከሥሩ እኩል አካፍሉ። ተንሸራቶ የሚመጣ ሰው በመሃል እንዳያልፍ ነው ሦስት ረድፍ ያልነው። መዶሻና ሚስማር ከታች ያለው ሰው ራስ ላይ እንዳይወርድ ደግሞ የእግር መከታውን ጣውላ በወለሉ ጠርዝ ላይ በጎኑ አቁሙት።

ጥያቄ፦ በሚስማር ነው በሽቦ የሚታሰረው?

መልስ፦ በሁለቱም። ሚስማር ብቻ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጥ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ባለ 10 ሚስማር ሁለት ምቱ፣ በላዩ ጥቁር ሽቦ አራት ዙር አዙራችሁ አጥብቁ፣ ከአግዳሚው ሥር ደግሞ ቋሚው ላይ ታኮ ምቱ። ሽቦው ቢላላ እንኳ አግዳሚው ታኮው ላይ ይቀመጣል። በየሳምንቱና ከከባድ ዝናብ በኋላ ሽቦውን እየዞራችሁ አጥብቁ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ግድግዳችን ጭቃ ነው። ፖንቴውን ከምን ጋር እናያይዘው?

መልስ፦ ከቤቱ ቋሚ ምሰሶ ጋር እንጂ ከማገሩ ጋር አይደለም። በየ3 ሜትሩ አንድ ማያያዣ ይኑር። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ከኮለን (ከኮንክሪት ምሰሶ) ጋር እሰሩ፤ ትናንት የተገነባ ብሎኬት ምንም አይዝም።

ስለ መሬቱም አንድ ነገር ልጨምር። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጥና ይለሰልሳል፤ ቋሚውም ይሰምጣል። አንዱ ሲሰምጥ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ ወለሉ ያዘነብላል። ጉድጓዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ዙሪያውን በኮረትና በአፈር ደርቡና ጥቅጥቅ አድርጉት፣ ውኃውም ወዲያ እንዲፈስ ቦይ ቅደዱ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ገመዱን ከትረሱ ጋር ማሰር ይቻላል?

መልስ፦ ብቻውን ከቆመ ትረስ ጋር በፍጹም። ገና በሰያፍና በሞራሌ (ቆርቆሮው በሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ያልተያያዘ ትረስ ጎኑን ሲጎትቱት ይወድቃል፣ የሚቀጥለውንም ይጥላል። የመጀመሪያውን ትረስ ከመሬት በሁለት አጣና ደግፉት፣ እያንዳንዱን ተከታይ ሳትለቁት ቢያንስ በሦስት ቦታ ከፊተኛው ጋር አያይዙ። እስኪያያዝ ድረስ ሥራው ከፖንቴው ወይም ከውስጥ መወጣጫ ላይ ይሠራ።

ለገመድ የሚሻለው የኮንክሪቱ ቶፕ ታይ ቢም፣ ማለት ግድግዳው አናት ላይ የሚዞረው አግዳሚ ነው። ሰፊ ጠፍር ዙሪያውን ጠምጥሙ፣ ስለት ባለው ጠርዝ ላይ ጆንያ አጥፋችሁ አድርጉ። የአሜሪካው ደንብ ለሚወድቅ ሰው ማሰሪያ 22 ኪሎ ኒውተን ይጠይቃል፤ ወደ ሁለት ቶን ከሩብ ክብደት ማለት ነው። ሚስማር ይህን አይሸከምም።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ሲያልቅ አናቱ ላይ አስረን 3.4 ሜትር ገመድ ብንሰጠው? የቆርቆሮው ፍሰት 4 ሜትር ነው።

መልስ፦ ወደታች ይጠብቀዋል፣ ወደ ጎን ግን አይጠብቀውም። ማሰሪያው ከቤቱ ጫፍ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ያው 3.4 ሜትር ገመድ በጎን በኩል አሳልፎ ይጥለዋል፣ እንደ ደወል ምላስም ከግድግዳው ጋር ያጋጨዋል። ጫፍ ጫፉ ላይ ሲሠራ ማሰሪያው ይዛወር፣ ገመዱም ይጠር።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ የጣርማበር ነፋስ አያሠራንም። መቼ እናቁም?

መልስ፦ ቆርቆሮ ይዞ የሚሄድ ሰው ከተወዛወዘ ያኔ አቁሙ። ቆርቆሮ በእጅ ሲያዝ ሸራ ነው፣ ሰውን ይዞ ይሄዳል። አንድ አንድ አድርጋችሁ አውጡ፣ የወጣውን ወዲያው ምቱ፤ ሳይመታ የተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ አትርገጡ፣ ይንሸራተታል። ሲረግጡም ሚስማር የተመታበትን መስመር፣ ማለት ሞራሌው ያለበትን። ለብርሃን የሚገባው ፕላስቲክ ሰው አይሸከምም፤ በላዩ ጣውላ አጋድሙበት።

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። ቆርቆሮው ሳይደርቅ አይወጣም፣ 3 ሰዓት ድረስ መሬት ላይ መለካትና መቁረጥ ይቻላል። ሸዋ ሮቢት ግን ተቃራኒው ነው፣ በማለዳ ጀምሮ ቀትር ላይ መውረድ።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ መሰላሉስ?

መልስ፦ ከወለሉ በላይ 90 ሳንቲም ይለፍ፣ ላዩ ይታሰር። 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ (ቤት የምታሠራ)፦ እኔ ለእጅ ዋጋ ተዋውያለሁ። የፖንቴው ወጪ የማን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ፦ አጣናው፣ ጣውላው፣ የማቆሚያና የማፍረሻ ቀኑ። ካልተጻፈ ዋጋ ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስረዳትን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፤ ሠራተኞቹን ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍለው ተቋራጩ ከሆነ አሠሪያቸው እሱ ነው። እርስዎ ግን ፖንቴው ሳይቆም የጣሪያውን ቅድሚያ ክፍያ አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ሰው ገመድ ላይ ቢንጠለጠልስ?

መልስ፦ በደቂቃዎች ውስጥ ይውረድ። የጭኑ ማሰሪያ ደም ያግዳል፣ ራሱን ይስታል። ማውረጃ መሰላል ሥራው ሳይጀመር ተዘጋጅቶ አጠገቡ ይቁም፤ እስኪደርሱለት እግሩን ገመድ ላይ ረግጦ ይነሳ ወይም ጉልበቱን ያንቀሳቅስ። መሬት ላይ የወደቀን ሰው ግን በብብቱ አታንሱት፣ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ እንደተኛ አምቡላንስ ጥሩ። የወደቀ ሰው የያዘ ሃርነስና ገመድ ደግሞ ደህና ቢመስልም ቆርጣችሁ ጣሉት።