የአኳሪየም ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፦ ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ስለ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ቧንቧ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው የመጣውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ገንዳው ሥር ውኃ አገኛለሁ። ከየት እንደሚመጣ አልታይ አለኝ። መስታወቱ ይሆን?

መልስ፦ መስታወቱን ለመጨረሻ አቆየው። ማርቆስ ብርድ ነው፤ ሄተር (የገንዳ ውኃ ማሞቂያ) ካለህ ሞቃቱ እንፋሎት ክዳኑ ሥር ላቦት ሆኖ በጠርዙ ሊወርድ ይችላል። እሱ ካልሆነ ሁሉንም መጋጠሚያ በጨርቅ አድርቅና በየአንዳንዱ ላይ ሶፍት ጠምጥም። ቆይተህ እይ። ከራሱት ሶፍቶች ከላይ ያለውን ነው የምትይዘው፤ ውኃ ቧንቧውን ይዞ ስለሚወርድ የሚወጣበት ቦታና የሚንጠባጠብበት ቦታ አንድ አይደለም። መጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህም እዚያ ቀስ እያለ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። ውኃው ተንኖ ማዕድኑ ቀርቶ ነው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ መስታወቱን አስበስቼ በልክሄድ (ቧንቧ በመስታወቱ እንዲያልፍ የሚያደርግ ማያያዣ) አስገባሁ። ያንጠባጥባል። ባጠበቅሁት ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ቴፍሎንም ሲሊኮንም ጨምሬበታለሁ።

መልስ፦ ስለምታጠብቀው ነዋ የሚብሰው! በልክሄድ ላይ ውኃውን የሚይዘው ጎሚኒው (ክቡ የጎማ ማሸጊያ) ብቻ ነው፤ ጥርሱ ሥራው ዳዶውን መያዝ ነው። ስለዚህ በዋናው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ምንም አይፈይድልህም፤ ሲሊኮኑ ደግሞ ጎሚኒውን ያንሸራትተዋል። ውኃውን ከገንዳው ቀዳዳ በታች አውርድና ፍታው። የቀረውን ሲሊኮን በምላጭ ፍቀህ መስታወቱንም ፊቲንጉንም (ማያያዣውን) አጽዳ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች ለማፍሰስ። ከዚያ ጎሚኒው የት እንደነበር ልብ በል። መቀመጥ ያለበት በሰፊው ራስ በኩል ነው እንጅ በዳዶው በኩል አይደለም። ዳዶው ሥር ከሆነ ስታዞረው አብሮ እየዞረ ይጣመማል፤ አንተ ደግሞ አልጠበቀም ብለህ ትጨምርበታለህ። በእጅህ እስኪይዝ አጥብቅ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምር፣ በቃ። ትልቅ መፍቻ ይዘህ ከሄድክበት ፊቲንጉ ይሰነጠቃል፣ ካልታደልክም መስታወቱ። ጎሚኒው ደርቆ ከሆነ ቀይረው። እስክታገኝ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠህ በደንብ አጥበህ ብታስገባ ያቆይሃል፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ከመነዳሪ አጣሁ የሚል የለም መቼም። የተበሳው ጠርዝ ላይ ያለው ፍርፋሪ ከጎሚኒው አልፎ ከወጣ ግን ጎሚኒ መቀያየሩ አያድንህም።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ቫልቭ ላከልኝ። ግማሽ ኢንች ነው፣ እዚህ የገዛሁትም ኒፕል (አጭር የቧንቧ ማያያዣ) ግማሽ ኢንች ነው። ትንሽ ይገባና ይጠብቃል፣ ግን ያፈሳል። አሥር ዙር ቴፍሎን ጠምጥሜበታለሁ።

መልስ፦ ሃያም ብትጠመጥም ያው ነው። አሜሪካኖቹ ኤንፒቲ የሚባል ጥርስ ነው የሚጠቀሙት፣ እኛ ገበያ ላይ የሚበዛው ቢኤስፒ ነው። ክፋቱ፣ ግማሽ ኢንቹ ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው የተስማሙ ይመስላል፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን የአንዱ 60 ዲግሪ የሌላው 55 ነው። በመካከሉ ክፍተት ይቀራል፣ በግድ ካጠበቅኸው ደግሞ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ወይ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር መሸጋገሪያ ፈልግ፣ ወይ ወንድምህን ኒፕሉንም ከዚያው እንዲልክ ንገረው። ወይም ሁለቱን በጎማ ቱቦና በፋሼታ (ቱቦውን በሚያጠብቀው ቀለበት) አገናኛቸው። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፣ ሲበላሽም መፍታቱ ቀላል ነው። ለሚስማማ ጥርስ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ቴፍሎን ይበቃል። ጫፉን ወደ አንተ አዙረህ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ጠምጥመው፤ በተቃራኒው ከሆነ ስታስገባው ይተረተራል።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ በቃጫና በቀለም ሠራልኝ። አያፈስም። ችግር አለው?

መልስ፦ ለሰው ቤት ቧንቧ ጥሩ ሠርቷል። ዓሣ ላለበት ውኃ ግን ቀለሙን አልወደውም፣ በቴፍሎን አስቀይረው። ፊቲንጎቹ የነሐስ ወይም ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆኑም በፕላስቲክ ለውጣቸው። መዳብና ዚንክ ዓሣ ይጎዳሉ፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ካለህማ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ውጭ የሚቀመጠውን ፊልተር (ውኃ ማጣሪያ) ካጠብኩት ወዲህ በክዳኑ በኩል ያፈሳል።

መልስ፦ ኦሪንጉ (የክዳኑ ክብ ጎማ) ላይ አሸዋ ወይም ፀጉር ይኖራል፣ ወይም ተጣሞ ገብቷል። አውጥተህ እጠበው፣ ቦታውንም ጥረገው። ሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርገህ ቀባው። ቫዝሊን ይቅር፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ የሚያፈሰውን መጋጠሚያ ውኃውን ሳላወጣ ከውጭ በሲሊኮን ብደፍነውስ?

መልስ፦ አይሆንም። እርጥብ ላይ አይዝም፣ ደረቅ ቢሆንም ከፒቪሲ ጋር ብዙ አይዋደድም። ሌላው ነገር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ ስለሚኖረው ዓሣ ሊገድል ይችላል። ለዛሬ ማታ ብቻ ከሆነ ሁለቱን ክፍል አብረህ የምታቦካው፣ ውኃ ውስጥም የሚይዘው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ይሻልሃል።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ገንዳዬ ከታች ሳምፕ (ውኃው ወርዶ በፓምፕ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ) አለው። መብራት ሲጠፋ ወለሉ በውኃ ይሞላል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አየኋቸው፣ ደረቅ ናቸው።

መልስ፦ እህቴ፣ መጋጠሚያዎችሽ ጤነኛ ናቸው። ፓምፑ ሲቆም ውኃ የሚመልሰው ቧንቧ አፉ ውኃው ውስጥ ስለሆነ የላዩን መልሶ ወደ ታች ይስበዋል፣ ሳምፑም ይሞላና ይፈሳል። ቧንቧው ላይ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርገሽ አንዲት ቀዳዳ ብሺ፤ ውኃው እስከዚያ ሲወርድ አየር ይገባና ስበቱ ይቋረጣል። ቀዳዳዋን አልጌ ስለሚደፍናት አልፎ አልፎ አጽጃት። ማፈኛ ቫልቭ (ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን) ግጠሚ ይሉሽ ይሆናል፣ ቆሻሻ ከያዘው ግን አይዘጋም፣ በሱ ብቻ አትመኪ። ከዚያ መብራት ኃይልን ሳትጠብቂ ራስሽ ፓምፑን አጥፍተሽ ሳምፑ ሁሉንም ይችል እንደሆነ እዪ፣ ካልቻለ ውኃውን ቀንሽ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ሶኬቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረግበው ይመለሱ፣ ጠብታው እዚያ ወለል ላይ እንዲቀር።

ጥያቄ (ይህችው)፦ ስሠራው ፊልተሩ ለሰዓታት ቢጠፋ ዓሣዎቹስ?

መልስ፦ ስፖንጁን አውጥተሽ ገንዳው ውስጥ ክተቺው፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች አየር ካጡ ይሞታሉ። በቧንቧ ውኃ ግን እንዳታጥቢው፣ ክሎሪኑ ይጨርሳቸዋል።