ሙቀቱ የውቅያኖስ ዑደት ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የአየር ንብረት ለውጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዳንድ ሰዎች «ይሄ የተፈጥሮ ዑደት ነው፣ ውቅያኖስ በየ60 ዓመቱ ይሞቃል ከዛ መልሶ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። እውነት እንዲህ አይነት ዑደት አለ? ካለስ የአሁኑን ሙቀት ያመጣው እሱ ነው?

መልስ፦ ዑደቶቹስ አሉ፣ የምርምር ዘርፉም ትልቅ ነው። በጣም የሚታወቁት ኤልኒኖና ላኒና ናቸው፣ በየ2 እስከ 7 ዓመቱ ይፈራረቃሉ። በምድር ወገብ ላይ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ንፋስ ሲደክም በምዕራብ ፓሲፊክ ተከማችቶ የቆየው ሙቅ ውሃ ወደ ምስራቅ ይመጣል፣ ሙቀቱንም ለአየሩ ይለቃል፣ ያኔ የዓለም አማካይ ሙቀት ከፍ ይላል፣ ኤልኒኖ የሚባለው ይሄ ነው፤ ንፋሱ ሲበረታ ደግሞ ከስር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣና ነገሩ ይገለበጣል፣ እሱ ላኒና ነው።

ከነሱ ዘገም የሚለው ፒዲኦ የሚባለው የሰሜን ፓሲፊክ ዑደት ነው፣ ስሙን ያወጡለት ደግሞ የሚገርመው የዓሣ ተመራማሪዎች ናቸው፣ አላስካ ላይ ሳልመን ሲበዛ ወደ ደቡብ ዋሽንግተንና ኦሪገን ላይ ለምን ያንሳል ብለው ሲከታተሉ ነው የደረሱበት። እ.ኤ.አ ከ1947 እስከ 1976 ቀዝቃዛው ምዕራፍ ነበር፣ ከ1977 በኋላ ተገለበጠ። ግን እንደ ሰዓት የሚቆጥር ነገር አይደለም፣ አንዴ ረዝሞ ይቆያል አንዴ ያጥራል። የ60 ዓመቱ ወሬ የመጣው ከአትላንቲክ ነው፣ እሱም በጣም ያከራክራል ምክንያቱም በመሳሪያ የተለካው ዳታ ወደ 150 ዓመት ገደማ ነው፣ በዛ ውስጥ ሁለት ዙር ብቻ አይቶ ዑደት ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል። በዚሁ ጉዳይ ላይ ቀድሞ የሰራው የአየር ንብረት ተመራማሪው ማይክል ማን ራሱ በ2021 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት የቀደመው ዘመን መዋዠቅ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው ብሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዑደት ሙቀትን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዘዋውራል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። አየሩን ያሞቀው ውቅያኖሱ ቢሆን ኖሮ ውቅያኖሱ ራሱ ሙቀት እያጣ መሄድ ነበረበት አይደል? የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ አርጎ የሚባሉት እስከ 2000 ሜትር ጥልቀት እየወረዱ የሚለኩት መሳሪያዎች የሚያሳዩት የውቅያኖስ ሙቀት እየጨመረ መሆኑን ነው፣ ምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ወደ 90 በመቶው የገባውም እዛው ነው። ለኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሰዉን ያሳሳተው እ.ኤ.አ ከ1998 እስከ 2012 የነበረው ጊዜ ይመስለኛል። 1998 ከባድ ኤልኒኖ የነበረበት ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ ፓሲፊክ ወደ ቀዝቃዛው ምዕራፍ ስለዞረ የየብስና የባህር ገጽ ሙቀት አጨማመሩ ቀነሰ፣ ብዙዎችም ሙቀቱ ቆመ ብለው ጻፉ። ሙቀቱ ግን ወደ ጥልቁ እየገባ ነበር፣ 2015 እና 2016 ላይ ኤልኒኖ ሲመለስ ሪከርዱ ተሰበረ። ስለዚህ ግራፍ ሲያሳይዎት ከ1998 የሚጀምር ሰው ካለ ከ1998 በፊት ያለውንም ይጠይቁት፣ ከዛ 2022ን ያሳዩት፦ ዓመቱን ሙሉ ላኒና ነበር፣ ሆኖም ከ1998ቱ የኤልኒኖ ዓመት ይሞቅ ነበር።