ለውሻ የከፈልነው ገንዘብ የተቧጨረውን በር አይሸፍንም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሜሪላንድ ተራሮች፣ ዲፕ ክሪክ ሌክ አጠገብ፣ ውሻ የሚፈቅድ የእንጨት ቤት በኤርቢኤንቢ ለሦስት ሌሊት ተከራየን። ለውሻው ብቻ 150 ዶላር ከፍለናል። ከወጣን በኋላ አከራዩ «በር ቧጭሯል፣ ሶፋ ቀዷል» ብሎ 1,450 ዶላር ጠየቀን። ውሻው አምልጦ በሐይቁ ዳር ሲሄድ የነበረን ሰውም እግሩ ላይ ነክሶታል። ምን ይጠብቀናል?

መልስ፦ የከፈላችሁት 150 ዶላር ውሻውን ይዛችሁ ለመግባትና ለጽዳቱ ነው እንጂ የጉዳት መያዣ አይደለም። ውሉ ላይ ሌላ ቃል ካልተጻፈ በቀር ውሻው ያበላሸውን ትከፍላላችሁ። ለፀጉርና ለጭቃ ተጨማሪ የጽዳት ሂሳብ ከመጣ ግን ተቃወሙ፤ እሱን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ተመልከቱ። በኤርቢኤንቢ ደንብ አከራዩ ከወጣችሁ በ14 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ለእናንተ የተሰጠው የመልስ ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ዝም ካላችሁ ጉዳዩ ያለ እናንተ ቃል ይታያል። መልሱን በመተግበሪያው ውስጥ ጻፉ፣ በስልክ አትከራከሩ። «ይቅርታ፣ እንከፍላለን» የምትል አጭር መልእክት ኋላ ጥፋትን እንደማመን ተቆጥራ ትቀርብባችኋለች፤ የምታምኑትን ጉዳት ብቻ ለይታችሁ ጻፉ።

ከዚያ ማስረጃውን ጠይቁ፦ እናንተ ከመግባታችሁ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ሶፋው የተገዛበት ደረሰኝ፣ የጥገና ዋጋ ግምት። የበሩን ፎቶ አስጠግታችሁ እዩት። አዲስ የጥፍር ጭረት ውስጡ ነጣ ብሎ የእንጨቱ ስንጥር ይታያል፤ ጭረቱ ውስጥ እድፍ ከጠቆረ ወይም ቫርኒሽ ከላዩ ካለፈበት ከእናንተ በፊት የነበረ ነው። ውሻ በሚያድርበት ቤት ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በአሸዋ ወረቀትና በቫርኒሽ ለሚስተካከል በር የአዲስ በር ዋጋ አይከፈልም። ሶፋውም እንደ አዲስ አይታሰብ፦ በ1,200 ዶላር ተገዝቶ፣ 10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ፣ 7 ዓመት ከቆየ የቀረው ዋጋ 360 ዶላር ነው።

አከራዩ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ክስ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በአነስተኛ ክሶች ሥርዓት ይታያል፤ ያለ ጠበቃ መከራከር ይቻላል። መጥሪያው ሜሪላንድ ውስጥ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንደምትከራከሩ የሚገልጸውን ቅጽ መልሱ። ይህን ቀን ማሳለፍ ክርክሩን ሳይጀምሩ መሸነፍ ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ንክሻው ነው። በ2014 በወጣው የሜሪላንድ ሕግ፣ ውሻ ተለቆ ሲሮጥ ሰው ከጎዳ ባለቤቱ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» ብሎ አያመልጥም። ከኃላፊነት የሚያድነው ተጎጂው ያለ ፈቃድ የውሻው ባለቤት ይዞታ የገባ፣ ወንጀል ሲፈጽም የነበረ ወይም ውሻውን የተነኮሰ እንደሆነ ነው። «ግቢያችን ገብቶ ነው» የሚለውን መከራከሪያ ለማንሳት አትቸኩሉ፤ በዲፕ ክሪክ ዳርቻ ያለው መሬት አብዛኛው የግዛቱ ሲሆን ሕዝብ በእግሩ ይሄድበታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ዛሬውኑ አዘጋጁ፤ ውሻው ለ10 ቀን ተለይቶ መጠበቅ አለበት። ለተጎጂው ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ለሬንተርስ ኢንሹራንሳችሁ (ቤት ተከራዮች ለሚገቡት መድን) በጽሑፍ አሳውቁ። ብዙዎቹ ውሎች ንክሻን ይሸፍናሉ፤ የተወሰኑ የውሻ ዝርያዎችን የሚያስቀሩ ግን አሉ። ውሻ ለቧጨረው በር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም።