መኝታ ቤት የሚገባው ከሰልና ሌሎች የማገዶ ጥያቄዎቻችሁ

ብርዱ ከገባ ወዲህ የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ እሳት ሆኗል። ለነገ በማይባለው ልጀምር።

«አራስ ነኝ። ሌሊት ስለሚበርድ እናቴ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላ፣ ጭሱ ሲያልቅ መኝታ ቤት ታስገባልኛለች። ችግር አለው?» (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር)

አለው፣ እህቴ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቅር። እናትሽ ጭሱ እስኪያልቅ የሚጠብቁት ለእናንተ አስበው ነው። ገዳዩ ግን በዓይን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ፣ ላዩ ነጭ አመድ ለብሶም መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ከከሰሉ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ አያድንም። በር ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም።

ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ሁሉንም ሰው ባንዴ ከያዘ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። ወተት ማጠጣት ኦክስጅንን አይተካም።

ለሕፃኑ ሙቀት ሌላ መንገድ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷ የጉና ተራራ ብርድ አይደለም። ከሰሉ ከወጣ በኋላ ነፋስ የሚያስገባውን የበርና የመስኮት ስንጥቅ በጨርቅ ድፈኑ። ነቅተሽ ሳለሽ ልጁን ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ አቅፈሽ ጋቢ ደርቢበት።

«የገዛሁት የባሕር ዛፍ ፍልጥ አረፋ ይደፍቃል፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም።»

እርጥብ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ መጀመሪያ የሚደክመው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው ይደርድሩት። ከላይ ቆርቆሮ ያልብሱት፣ ጎኑን ለነፋስ ይተዉት። ሲገዙ ሁለት ፍልጥ አጋጭተው ያዳምጡ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ጫፉም ይሰነጣጠቃል። የክረምቱን ማገዶ በበጋ ነው መግዛት።

«መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን እንጀራ በእንጨት ልንጋግር ነው። ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

እኔን ከጠየቃችሁ፣ መብራት ባለ ቀን በመብራት፣ በጠፋ ቀን በእንጨት። እንጨት የማንንም ትራንስፎርመር አይጠብቅም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ለተከለው ገበሬም ገቢ ነው። ዕዳው ጭሱ ነው፤ እሱን የሚከፍሉት ደግሞ ምጣድ ፊት የምትቀመጠው ሴትና ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ናቸው። ስለዚህ ጉልቻውን ተዉት። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ተገጣጣሚ የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ኩሽናው ግን ከመኝታው ይለይ፣ የጭስ መውጫም ይኑረው። ደግሞ አደራ፣ የዋንዛ ፍልጥ ቢያመጡላችሁ አትግዙ። በጣና ዙሪያ የቀረን ሀገር በቀል ዛፍ ለማገዶ የሚተርፍ አይደለም።

«እንቦጭ ደርቆ ይነዳል?»

ይነዳል፣ ግን ድካሙን አይክስም። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ትልቅ ክምር ሲደርቅ እፍኝ ታክላለች፣ እሷም ቶሎ ነድዳ ታልቃለች። ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ለባዮጋዝ ቢውል ይሻላል።