በዋስ መውጣትና ነጻ መውጣት

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ10,000 ብር ዋስ እንዲወጣ ፈቅዶለት ገንዘቡን በስሜ አስያዝኩ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ነጻ ወጣ» ይለናል። ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው? ገንዘቤስ ይመለሳል? አብሮት የተያዘው ልጅ ዋስትና የተከለከለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጉዳዩ አልተዘጋም። ነጻ ወጣ የሚባለው ፍርድ ቤት ክሱን መርምሮ ጥፋተኛ አይደለም ያለው ሰው ነው። ወንድምዎ በዋስ ተለቀቀ እንጂ ምርመራው እንዳለ ይቀጥላል።

ዋስ ለሌላው ግዴታ የሚገባው ሰው ነው፤ ዋስትና ደግሞ የገባው ግዴታ። እርስዎ ዋስ የሆኑት ወንድምዎ በተቀጠረበት ቀን እንዲቀርብ እንጂ ለንጽሕናው አይደለም። ስለዚህ ቀጠሮ ሳያጓድል እስከ ውሳኔው ከቀረበ፣ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ገንዘቡ ይመለሳል። መዝገቡ ሲዘጋ ፍርድ ቤቱ ዋስትናው እንዲወርድ ያዛል፤ በዚያ ትእዛዝና ሲያስይዙ በተሰጠዎ ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ደረሰኙን አደራ! ስምዎና የመዝገቡ ቁጥር በትክክል መጻፉን አሁኑኑ አይተው፣ ቅጂ አንስተው ዋናውን ያስቀምጡ።

ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ግን ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ሊሆን፣ እሱም ተይዞ እንዲቀርብ ሊታዘዝ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ የመሸሽ ሐሳብ ሳይኖረው ቀን ተሳስቶ የሚቀርም አለ። ቀጠሮውን እርስዎም ይጻፉት። ከታመመ የሕክምና ማስረጃውን ይዘው በሰዓቱ ችሎት ይገኙለት።

ስለ ጓደኛው፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) መሠረት በዋስ መለቀቅ መብት ነው፤ መከልከል ልዩ ሁኔታ ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም፣ ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ ከመሰለ ፍርድ ቤቱ ዋስትና እንዲከለክል ይፈቅዳል። እንደ ሙስና ላሉ ወንጀሎች ደግሞ የተለየ ሕግ አለ። መከልከሉ ግን ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ቶሎ ይወቀው፤ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 መሠረት በክልከላው ላይ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው። አቤቱታው «ልጁ ጨዋ ነው» ከማለት ይልቅ ቋሚ አድራሻውንና ሥራውን በማስረጃ ቢያሳይ ይሻላል፤ ችሎቱ የሚመዝነው በቀጠሮው ይቀርባል ወይስ አይቀርብም የሚለውን ነውና።