ዱቄት ክፍል ገብቶ መሥራት

ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል፤ የአልማዝ መሞረጃ ዲስክ የሚያመርት ፋብሪካ ዱቄት ማደባለቂያና ሲንተሪንግ (የብረት ዱቄትን በሙቀት አያይዞ ጠጣር ማድረግ) ክፍል ቀጥሮሻል። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ዱቄት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ልጨምር ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግቢበት እላለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እሱን በኋላ።

በትምህርት ቤት የለመድሽው ተበልቶ የማያልቅ ነገር መሥራትን ነው። እዚህ ግን አልማዙን የያዘው የብረት ማያያዣ በልኩ ማለቅ አለበት። ላይ ያለው የአልማዝ ቅንጣት ሲደነዝዝ ማያያዣው ተበልቶ ካልለቀቀው ከሥር ያለው ስለታም ቅንጣት አይወጣም፤ ዲስኩ ይሽከረከራል እንጂ አይሞርድም። ቶሎ ካለቀ ደግሞ ገና ያላገለገለ አልማዝ ይረግፋል። ያንን ልክ የሚወስነው የአንቺ ክፍል ነው።

ለማያያዣው ከሚሆኑት ብረቶች ለምሳሌ የመዳብና የቆርቆሮ ዱቄት ውሰጂ። ቆርቆሮው 232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ መዳቡ እስከ 1085 ይጸናል፤ የቀለጠው በመዳቡ ቅንጣቶች መሀል እየሰረገ ነሐስ ይሆናል። ሌላው የማያያዣ ብረት ኮባልት ግን ሳይቀልጥ፣ በግፊትና ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይያያዛል። ሙቀቱ ካነሰ ቀዳዳ ይቀራል። ከበዛ ወይም ከቆየ አልማዙ ይጎዳል፤ አልማዝ ካርቦን ነውና አየር ካገኘ ይቃጠላል፣ እንደ ኮባልት ያሉ ብረቶች ደግሞ ወደ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ ካርቦን) መለወጡን ያፋጥኑበታል። ይህን ሁሉ በእጅሽ እየነካሽ መማር ትልቅ ዕድል ነው፤ ከልቤ ነው የምልሽ።

ስትገቢ ያገለገለ ዲስክ ለምኚና በማይክሮስኮፕ እዪው። ቅንጣቱ ተነቅሎ ጉድጓድ ትቷል? ተሰባብሯል? ወይስ ፊቱ ተልጎ ቀርቷል? ያየሽውን ከሙቀቱ፣ ከግፊቱና ከቆይታው ጋር ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። በዓመቱ ሌላ ሥራ ብትፈልጊ ቀጣሪ ፊት የምትዘረጊው ይህንኑ ደብተር ነው (የፋብሪካው ምስጢር የሆነውን ቅመም ሳይጨምር)።

ከመፈረምሽ በፊት ዱቄቱን ራሳቸው ይቀምሙ እንደሆነ ጠይቂ። ተቀምሞ የሚመጣ ከሆነ የምትማሪው ግማሹን ነው፤ እሱም ቢሆን መጥፎ አይደለም።

ቅድመ ሁኔታዬ የአቧራው ነገር ነው። የኮባልት ዱቄት ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳል። ክፍሉን ሳያሳዩሽ አትፈርሚ፤ ማደባለቂያው ላይ የአቧራ መምጠጫ፣ ለሠራተኛው ተገቢው የመተንፈሻ ጭንብል ከሌለ ይቅርብሽ።