የኤንቢኤ (የሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከብ ካዋይ ሌናርድ በ2019 ቡድን ለመምረጥ ለምን ያን ያህል ዘገየ?

«6 ቀን ሙሉ ዝም ያለን ቶሮንቶን ሊያታልል ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። ካዋይ ያኔ ከቡድኑ ቶሮንቶ ራፕተርስ ጋር ለመቆየትም ሆነ ለመሄድ ነፃ ነበር፤ የዘገየው ሌላውን ኮከብ ፖል ጆርጅን እየጠበቀ ነው።

ካዋይ ወደ ሎስ አንጀለሱ ቡድን ክሊፐርስ ብቻውን መሄድ አልፈለገም። ጆርጅ ደግሞ ከኦክላሆማ ሲቲ ቡድን ጋር ውል ስለነበረው መምጣት የሚችለው በዝውውር ብቻ ነው። ክሊፐርስ ለእሱ ሁለት ተጫዋቾችን፣ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርንና ጋሊናሪን፣ እንዲሁም 5 የአንደኛ ዙር የድራፍት ምርጫዎችን (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብት) ከፈለ። እንዲህ ያለ ድርድር ባንድ ሌሊት አያልቅም።

ለራሱም መዘግየቱ ምንም አላጎደለበትም። ከነፃ ተጫዋቾች ጋር የመደራደሪያው ገበያ ጁን 30 ማታ ቢከፈትም፣ ውል መፈረም የሚቻለው ከጁላይ 6 ቀትር ጀምሮ ነበር። የእሱ ውሳኔም የታወቀው ለጁላይ 6 አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ ነው። የተጎዱት እሱን ሲጠብቁ የነበሩት ናቸው፤ ሌላው የሎስ አንጀለስ ቡድን ሌከርስ ለእሱ ብሎ ገንዘቡን ይዞ ሲቀመጥ ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ቦታ ተስማሙ። የቶሮንቶ ጓደኛው ተጫዋች ዳኒ ግሪን እንኳ የካዋይን ውሳኔ ጠብቆ ነው ወደ ሌከርስ የሄደው።

«ከሃዲ» የሚሉትን ግን አልቀበልም። ባንድ የውድድር ዓመት ለራፕተርስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ እስኪፈረም ድረስ ወሬ አትመን። እኔ ያኔ ሄሊኮፕተር ከላይ ሆኖ ቶሮንቶ ውስጥ መኪና ሲከተል በቴሌቪዥን አይቼ «ቀረልን!» ብዬ ለጓደኞቼ ደውያለሁ። በሦስተኛው ቀን ሄደ። የተጫዋቹ የራሱ ቃል እንኳ አይበቃም፤ የክሊፐርሱ ደአንድሬ ጆርዳን በ2015 ለዳላስ ቡድን እሺ ካለ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ እዚያው ክሊፐርስ ጋር ፈርሟል።